ጂን ዘመዶቹን ፈርቶ ሹማምንቱን አነገሠ፦ ስለ ጥንታዊት ቻይና የዙፋን ሽኩቻ

ብራና ገላጭ

ስለ ጥንታዊት ቻይና ጨዋታ በተነሣ ቁጥር ሁሉም የሚሮጠው ወደ ታላቁ ግንብና ወደ ሸክላዎቹ ወታደሮች ነው። እኔን የሚመስጠኝ ግን ከዚያ በፊት የነበረው ዘመን ነው፤ የጆው ንጉሥ በስም ብቻ ከላይ ተቀምጦ ከሥሩ ያሉት መሳፍንት እርስ በርስ የሚባሉበት ዘመን። ከግዛቶቹም መካከል ጂን። ጂን በዛሬዋ ሻንሺ፣ በፈን ወንዝ ሸለቆ የነበረ ኃያል ግዛት ነው። የውጭ ጠላት አላፈረሰውም። የገዛ ሹማምንቱ ለሦስት ተቀራመቱት፤ በ403 ቅ.ል.ክ. ደግሞ የጆው ንጉሥ ዘረፋውን በማዕረግ አጸደቀላቸው።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የጂን ሞት የጀመረው ከዚያ 266 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ669 ቅ.ል.ክ.፣ ሺየን የተባለው መስፍን ዘመዶቹን በፈጀ ጊዜ ነው።

በ745 ቅ.ል.ክ. የጂን ገዥ ለአጎቱ ቹዎ የምትባል ከተማ በርስትነት ሰጠው። ቹዎ ከመናገሻዋ ከዪ ትበልጥ ነበር። ቅርንጫፍ ከግንዱ ሲወፍር የሚከተለውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የቹዎ ቤት ለ67 ዓመት ከዋናው ቤት ጋር ተዋጋ፤ አንዱን ገዥ ይገድላል፣ ሌላ ሲተካ እርሱንም ያሳድዳል። በመጨረሻ በ678 የቹዎው ዉ ዋናውን ቤት ደመሰሰ፤ የዘረፈውን የከበረ ዕቃ ለጆው ንጉሥ ላከና የጂን ሕጋዊ ገዥ ተባለ።

ሺየን የዚህ ሰው ልጅ ነው። አባቱ በምን መንገድ እንደነገሠ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ከአያቱና ከቅድመ አያቱ የሚወለዱ ብዙ ዘመዶች ደግሞ በዙሪያው አሉ። ሺ ዌይ የተባለ አማካሪው መጀመሪያ እርስ በርስ አጋጫቸው። ቀጥሎ ጁ የምትባል ከተማ ሠራና በአንድ ስፍራ አሰፈራቸው፤ እንደ ስጦታ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሺየን ጁን ከቦ ያገኛቸውን መሳፍንት በሙሉ ፈጃቸው። ከዚያ በኋላ በጂን ቤተ መንግሥት ከሹማምንት ጋር የሚመጣጠን የገዥው ዘመድ አልነበረም።

የማትስማሙ ግቡበት።

የአዋሽ ልጅ

ጋሽ ብራና፣ ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ግን ዋናዋን ሰው የት ጣሏት? የሺየን ሚስት ሊ ጂ! የሺየንን ቤት ያተራመሰችው እርሷ ናት። አንዱን ልጅ አስገደለች፣ ሁለቱን አሰደደች፣ የራሷን ሕፃን አልጋ ወራሽ አስደረገች። የጁ ፍጅት ባይኖር እንኳ ይህች ሴት ብቻዋን ለጂን ትበቃው ነበር።

ጽጌ ረዳ

ወንድሜ የአዋሽ ልጅ፣ ይህ «ሴቲቱ አጠፋችው» የሚባል ነገር ይሰለቸኛል። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ሊ ጂ ወደ ጂን የመጣችው ወድዳ አይደለም። ሺየን ሊ ሮንግ የተባሉትን ሕዝቦች ወግቶ ሲያሸንፍ እርሷንና እህቷን ይዟቸው መጣ። እርሷ ሺ ቺን፣ እህቷ ጁኦዚን ወለዱለት። ቀድመው የነበሩ ሦስት አዋቂ ወንዶች ልጆች አሉ፦ አልጋ ወራሹ ሸንሸንግ፣ ቾንግ ኧር እና ዪዉ። አሁን አስቡት። ዘመዶቹን በሙሉ በፈጀ ሰው ቤት፣ ከባዕድ አገር ተማርካ ከመጣች ሴት የተወለደ ልጅ አባቱ ሲሞት ምን ይጠብቀዋል? በጂን ቤት ለተሸናፊ ዘመድ ቦታ እንደሌለ ያስተማረው ሺየን ራሱ ነው።

በ666 ሁለት የመስፍኑ ባለሟሎች ጉቦ በሉና ሦስቱ ልጆች ከመናገሻው ርቀው በየከተማው እንዲሾሙ አሳመኑት። በ656 መርዙ መጣ። ሸንሸንግ በቹዎ ለሟች እናቱ መሥዋዕት አቅርቦ፣ እንደ ወጉ ሥጋውንና መጠጡን ለአባቱ አመጣ። አባት አደን ላይ ነው። ሥጋው ስድስት ቀን ቤተ መንግሥት ውስጥ ቆየ። መስፍኑ ሲመለስ መጠጡን መሬት ላይ አፈሰሱት፤ መሬቱ አበጠ። ሥጋውን ለውሻ ሰጡት፤ ሞተ። ለአንድ አገልጋይ ሰጡት፤ ሞተ። ስድስት ቀን በማን እጅ እንደቆየ የጠየቀ ግን የለም! ሸንሸንግን ሰዎች «ራስህን ተከላከል» ሲሉት፣ አባቴ ያለ እርሷ እንቅልፍም እህልም አይወስደውም ብሎ እምቢ አለ። ቹዎ ላይ ራሱን ሰቀለ። ወንድሞቹ አገር ጥለው ሸሹ።

ንጹሕ ናት አልልም። መርዙ የሠራው ግን ልጁን ለመጠርጠር ዝግጁ የነበረ አባት ስላገኘ ነው። ደግሞስ በመኝታ ቤት ውስጥ ተናገረች የሚባለውን ሁሉ ማን ቆሞ ሰማው?

ዝምተኛ አንባቢ

ይቅርታ፣ ሕግ አልነበራቸውም እንዴ? የበኩር ልጅ ይውረስ የሚል?

ብራና ገላጭ

ነበራቸው። የጆው ሥርዓት ከዋናዋ ሚስት የተወለደውን የበኩር ልጅ ያስቀድማል፤ የቀሩት ርስት ተሰጥቷቸው የየራሳቸውን ቤት ይመሠርታሉ። ችግሩ ዋናዋን ሚስት የሚሾመውም የሚሽረውም ያው ገዥ መሆኑ ላይ ነው። አዲሷ ከፍ ስትል የልጆቹ ተራ አብሮ ይገለበጣል። የጆው ንጉሥ ዩ ራሱ ንግሥቲቱንና አልጋ ወራሹን ሽሮ ባኦ ስን ከነልጇ ከፍ ቢያደርግ፣ የተሻረችው ንግሥት አባት ቹዋንሮንግ የሚባሉትን ተዋጊዎች ይዞ መጣበት። ዩ በ771 ቅ.ል.ክ. ተገደለ፤ ጆውም ከዚያ ወዲህ አላገገመም።

እህቴ ጽጌ ስለ ሺየን ያሉት የእኔኑ ክርክር ያጠነክርልኛል፤ አመሰግናለሁ።

ባለ ፋኖስ

እባካችሁ ዪዉን አትዝለሉት። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እንደ እርሱ የሚያናድደኝ ሰው የለም።

ሺየን በ651 ሲሞት ሊ ከ የተባለ ሹም ሕፃኑን ሺ ቺን ገደለው። ጁኦዚ ተተካ፤ እርሱንም ገደለው። ሞግዚታቸው ሹን ሺ ለሟቹ መስፍን የገባውን ቃል አክብሮ አብሮ ሞተ። አልጋው ባዶ ሲሆን ዪዉ ከስደት ሆኖ የጎረቤት ግዛት የቺንን መስፍን ሙን ለመነ፦ አንግሠኝ፣ ከቢጫው ወንዝ ማዶ አምስት ከተማ እሰጥሃለሁ። ሙ አነገሠው። ዪዉ ከተሞቹን ከለከለ። ለሊ ከም ርስት ቃል ገብቶለት ነበር፤ በርስቱ ፈንታ የሞት መልእክት ላከበት፦ «አንተ ባትኖር እዚህ አልደርስም ነበር። ሆኖም ሁለት ገዥና አንድ ሹም የገደለ ሰው ጌታ መሆን አይከብድም?» ሊ ከ፣ ሰው መወንጀል ለፈለገ ምክንያት መቼ ጠፍቶት ብሎ በሰይፉ ላይ ወደቀ።

በ647 ጂን ተራበ። በቺን ሸንጎ፣ ከሃዲውን በራበው ጊዜ እንምታው ያሉ ነበሩ። ሙ ገዥው ክፉ ቢሆን ሕዝቡ ምን አደረገ አለና እህል ላከ። ጀልባዎቹ ከቺን መናገሻ ከዮንግ እስከ ጂን መናገሻ እስከ ጂያንግ ድረስ በወንዞቹ ላይ ተከታትለው ሄዱ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ቺን ተራበ። ዪዉ አንድ ቁና እንኳ አልሰጠም!

በ645 ሃንዩዌን ላይ ተዋጉ። ቺንግ ጄንግ የተባለ ሹም፣ ሰረገላህን ከጄንግ በመጡ ፈረሶች አታስጎትት፣ የአገራችንን መሬት አያውቁም ብሎት ነበር። አልሰማም። ፈረሶቹ ጭቃ ውስጥ ገቡና ቀሩ። ቺንግ ጄንግን ቢጠራው፣ ምክር የማይሰማ ገዥ ሽንፈቱን ራሱ ፈልጎ ነው ብሎት አለፈ። ዪዉ ተማረከ።

እዚህ ላይ እህት መጣች። የሙ ሚስት ሙ ጂ የሸንሸንግ እህት ናት፤ ዪዉም ወንድሟ ነው። ልጆቿን ይዛ በተከመረ ማገዶ ላይ ወጣችና ወንድሜን አስራችሁ ወደ ከተማ ካስገባችሁት እንቃጠላለን አለች። ሙ ፈታው። ዪዉ ልጁን ዩን መያዣ አድርጎ ወደ ቺን ላከ፤ ዩ በ638 ሚስቱን ትቶ አመለጠ። አባትና ልጅ አንድ ናቸው።

የአዋሽ ልጅ

እሺ፣ ሊ ጂን ለቀቅኳት። ወደ ቾንግ ኧር እንምጣ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በስደት።

አባቱ የላከው ጃንደረባ ፒ አጥር ላይ ደርሶበት እጀ ጠባቡን ቆረጠው፤ ሰውየው አመለጠ። በእናቱ ወገኖች በዲ ዘንድ 12 ዓመት ተቀመጠ። በዌይ ግዛት (ኋላ ጂንን ከተካፈለው የዌይ ቤት ጋር አታምታቱት) በኩል ሲያልፍ ርቦት አንድ ገበሬን ምግብ ቢለምነው ጓል አነሣና ሰጠው። ቾንግ ኧር ሊገርፈው ሲል አጎቱ ሁ ያን፣ ይህ ከሰማይ የተሰጠ መሬት ነው፣ ተቀበል አለው። በቺ (ከቺን ጋር አታምታቱት፤ በምሥራቅ ያለው ነው) መስፍኑ ሁዋን ሚስትና ሰማንያ ፈረስ ሰጠው። ተመቸው፤ አልሄድም አለ። ሚስቱና ሁ ያን አስክረው በሰረገላ ጫኑት። ሲነቃ ጦር ይዞ አጎቱን አባረረው።

በጻኦ ደግሞ መስፍኑ የቾንግ ኧር የጎን አጥንቶች የተጋጠሙ ናቸው መባልን ሰምቶ፣ ሲታጠብ ተደብቆ አየው። ቹ በተባለው ግዛት ንጉሡ አስተናገደውና ብትነግሥ ምን ትመልስልኛለህ አለው። ቾንግ ኧርም ጦራችን ከተገናኘ ሦስት የጉዞ ምዕራፍ ወደ ኋላ እመለስልሃለሁ አለ። በመጨረሻ ቺን ደረሰ፤ ሙ አምስት ሴቶች ሰጠው፤ አንዷ የወንድሙ ልጅ ዩ ጥሏት የሸሸችው ሚስት ነበረች። በ636 የቺን ጦር አጅቦት ጂን ገባ፤ ዪዉን ተክቶ ነግሦ የነበረው ዩ ተገደለ። ቾንግ ኧር በታሪክ የሚታወቅበት «ወን» የሚለው ስም ከሞተ በኋላ የተሰጠው ነው።

በ632 ቸንግፑ ላይ ቃሉን ጠብቆ ሦስት ምዕራፍ አፈገፈገ፤ ተከትሎት የመጣውን የቹ ጦርም ድል አደረገው። ገላውን ያየበትን የጻኦን መስፍን ደግሞ በዚያው ዓመት ማረከው።

ዝምተኛ አንባቢ

ሲነግሥ ዕድሜው ስንት ነበር?

ጽጌ ረዳ

የታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን በ43 ሸሽቶ በ62 ነገሠ ይላል። የቆየው ዜና መዋዕል ግን በ17 ዓመቱ ገና ስለ ተከተሉት ሰዎች ስለሚናገር፣ በ36 አካባቢ ነገሠ የሚሉ አሉ። እኔ ወጣቱን ነው የማምነው። አጎቱን በጦር የሚያባርር፣ በየአገሩ ሚስት የሚያገባ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጦር አሰልፎ የሚወጣ ሰው የስድሳ ዓመት ሽማግሌ አይመስለኝም።

መቅረዝ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ጋሽ ብራና ታሪኩን አሳምረው አቀረቡት፤ ምክንያቱ ግን አላሳመነኝም።

በምሥራቅ ያለውን የቺ ግዛት እንውሰድ። በ685 ሁለት ወንድማማቾች ለአልጋው ሲሽቀዳደሙ የአንደኛው ወገን ጓን ጆንግ ሌላኛውን በቀስት ወጋው፤ ቀስቱ የቀበቶውን ማያያዣ መታና ሰውየው ተረፈ። የተረፈው ሁዋን ነው፤ ነገሠና ያንኑ ቀስተኛ ዋና ሹሙ አደረገው። ሁዋን በ643 ሲሞት ልጆቹ ሬሳውን ትተው ተፋለሙ፤ 67 ቀን ሳይቀበር ቆይቶ ትል በበር ወጣ። እንዲህም ሆኖ በዚያ እንደ ጁ ያለ የዘመድ ፍጅት አልተደረገም። ታዲያ ቺ ተረፈች? በ481 የቲየን ቤት አለቃ መስፍኑን አስገደለ፤ በ386 የጆው ንጉሥ የቲየንን ቤት ባለ ግዛት አደረገው። ዘመድ ነበራቸው፤ አልጋቸውን ግን ከስደተኛ ዘር የመጣ ቤት ወሰደው።

ሉ የተባለውን ግዛትም ተመልከቱ። እዚያ መስፍኑን መጫወቻ ያደረጉት ሦስት ቤቶች ራሳቸው ከመስፍን የተወለዱ ናቸው። የሉ መስፍን ጃኦ በ517 ሊያጠፋቸው ሞክሮ ተሸነፈ፤ በ510 በስደት ሞተ። ስለዚህ ዘመድ ገዥን ይጠብቃል የሚለው ብዙም አያስኬድም። የሁሉም በሽታ አንድ ነው፦ ሹመትና ርስት ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉ። ወንዙን የሚሻገር ጦር ያለው ማንም ሹም፣ ዘመድ ይሁን ባዕድ፣ ውሎ አድሮ ግዛቱን ይበላል።

ብራና ገላጭ

ጥሩ ተከራካሪ አገኘሁ። የሉን ነገር እቀበላለሁ፤ ግን አንድ ልዩነት አለ። የሉ ሦስት ቤቶች መስፍኑን አራቁተው ስሙንና መንበሩን ተዉለት፤ የእነርሱም አያት የተቀበረው እዚያው ነውና። ጂንን የተካፈሉት ስሙንም አልተዉም።

ደግሞ ይህን የምለው በግምት አይደለም። በ607 ጃኦ ቹዋን የተባለ ሰው መስፍኑን ሊንግን ገደለው። አልጋውን የሚይዝ ሰው ሲፈለግ በአገር ውስጥ አልተገኘም፤ ከጆው መናገሻ ድረስ ሄደው አመጡ። ዜና መዋዕሉ ምክንያቱን ሲጽፍ፣ በሊ ጂ ሁከት ጊዜ የመስፍን ልጆችን በአገር ላለማኖር ተማምለው ስለነበር ከዚያ ወዲህ ጂን የመስፍን ወገን አልነበረውም ይላል። አዲሱ መስፍን እንደነገሠ ያደረገው ምን መሰላችሁ? የሹማምንትን ልጆች «የመስፍን ወገን» የሚለውን ማዕረግ ሰጥቶ ርስት አከፋፈላቸው። ባዶውን ቦታ በገዛ እጁ ሞላው!

መቅረዝ

ይህ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ የ607ቱን ለጂን ብቻ ከሆነ እቀበላለሁ። ግን ጂንን ከተካፈሉት ሦስቱ አንዱ የሃን ቤት ነው፤ የሃን ቤት ደግሞ ከቹዎው ከመጀመሪያው ባለ ርስት እንደሚወለድ ይነገራል። ዘመዳቸው ነበር ማለት ነው። ለምን ስሙን አልተወላቸውም?

ባለ ፋኖስ

ይህችን ማንም አይመልሳትም።

ጽጌ ረዳ

እሞክራለሁ። በ403 ጊዜ ሃን ከጂን መስፍን ቤት ከተለየ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው። በዚያ ላይ ከሌሎቹ ሁለት ተካፋዮች፣ ከጃኦና ከዌይ ቤቶች ጋር ሲዋጋም ሲታረቅም ስለኖረ ወዳጁም ጠላቱም እነርሱ ናቸው። ዝምድና በመዝገብ ላይ ያለ ነገር ሆኖ ነበር። በሉ ግዛት ግን ሦስቱ ቤቶች እርስ በርሳቸውም ወንድማማች ነበሩ።

ዝምተኛ አንባቢ

ይህ ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ ነው? ከመሬት የወጣ ነገር አለ?

ብራና ገላጭ

አለ፤ እንዲያውም ግሩም ነገር አለ። የሁ ያን የነሐስ ደወሎች ተገኝተዋል፤ አሥራ ሁለቱ ታይፔ በሚገኘው የቤተ መንግሥት ሙዚየም ናቸው። የቾንግ ኧርን መመለስና በቹ ላይ የተገኘውን ድል ይናገራሉ። ጓል ተቀበል ያለው ሰው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሻንሺ ውስጥ ሆውማ ላይ፣ የጂን የመጨረሻ መናገሻ በነበረችው ቦታ፣ ከመሥዋዕት እንስሳት ጋር የተቀበሩ ከ5,000 በላይ የድንጋይና የጄድ ጽላቶች ተገኙ። ብዙዎቹ በቀይ ቀለም በብሩሽ ተጽፎባቸዋል። የመሐላ ጽሑፎች ናቸው፤ የ5ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. መጀመሪያ አካባቢ የጃኦ ቤት ከተቀናቃኞቹ ጋር ሲፋለም የተጻፉ። የሚምለው ሰው ስሙን ጠርቶ፣ የተባረሩትና ዘሮቻቸው ወደ ጂን ምድር እንዲመለሱ አልፈቅድም ይላል፤ መሐላውን ቢያፈርስ ዘሩ እንዲጠፋ ይረግማል።

መቅረዝ

የሚምሉት ለማን ነው? ለመስፍኑ?

ብራና ገላጭ

ለቤቱ አለቃ፣ ለጃኦ ነው። የጂን መስፍን የሚጠራው መሐላውን ከሙታን ዓለም ሆኖ እንዲመለከት ነው።

የአዋሽ ልጅ

ይህን መጀመሪያ ቢነግሩን አንከራከርም ነበር! አሁን የጂንያንግን ከበባ የሚጽፍልን አለ?

ባለ ፋኖስ

እኔ አለሁ፤ ግን ባጭሩ፣ ሌሊቱ ሄዷል። በመጨረሻ አራት ቤቶች ቀሩ፤ ከሁሉ የበረታው ቤት አለቃ ጂ ቦ ሌሎቹን መሬት አምጡ አለ። ሃንና ዌይ ሰጡ፤ ጃኦ እምቢ አለ። ጂ ቦ ሃንንና ዌይን አስከትሎ የጃኦን ከተማ ጂንያንግን ከበበ፣ ወንዝ ጠልፎ ለቀቀባት። በከተማዪቱ ምድጃዎች ውስጥ እንቁራሪት ተፈለፈለ ይባላል፤ ሕዝቡ ግን እጁን አልሰጠም። ጂ ቦ ውኃውን እያየ፣ ውኃ አገር እንደሚያጠፋ ዛሬ አወቅሁ ብሎ አፉ አመለጠው፤ ሃንና ዌይ የየራሳቸው ከተማ አጠገብ የሚፈሰውን ወንዝ አሰቡና ተያዩ። የጃኦ መልእክተኛ በሌሊት ወጥቶ አነጋገራቸው። በ453 ግድቡን ወደ ጂ ቦ ሰፈር ሰበሩት። የጃኦ አለቃ የጂ ቦን ራስ ቅል ቀለም ቀብቶ መጠጫ አደረገው። ከዚያ በኋላ ንጉሡ እስኪያጸድቅላቸው ሃምሳ ዓመት ቆዩ፤ በእነዚያ ዓመታት ለጂን መስፍን የቀሩት ጂያንግና ቹዎ ብቻ ነበሩ።